የሰደርያው ኪሶች

ተከስተ በቀቀኗን ከካልሲ ውስጥ አውጥቶ በሰደርያው የውስጥ ኪስ ሲከታት፣ የትርሓስ እግር የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ቀጥ አለ።

«ኪሶቹ ለሽቶ ጠርሙስ ናቸው ብለውኝ ነበር እኮ» አለች።

«ይቺም ጠርሙስ ናት። የምትተነፍስ ጠርሙስ።» ኪሱን ደባበሰው። «ልክክ ብላለች። እጅሽ ይባረክ!»

ወፏ አረንጓዴ ናት፤ ፊቷ ቢጫ። የእንቅልፍ መድኃኒት ስለዋጠች ዐይኖቿ በግማሽ ተከድነዋል።

«ከየት መጣች?»

«ከጫካ። ከዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ከነወንድሞቿ ለቅመዋት ነው። በዓለም ላይ እኛ አገር ብቻ ነው ያለችው፤ ለዚህ እኮ ነው ውጭ የሚሻሟት።»

«ተለቅማ ካለቀችስ?»

«ያኔማ ትወደዳለች» አለ፣ ስለ ሽንኩርት እንደሚያወራ ሰው። ከዚያ ተነሣ። «አደራ፣ ግራ ትከሻውን ዝቅ አድርጊው። የምትለብሰው ልጅ ታዘነብላለች።»

ትርሓስ ቀና አለች። ከተማሪ ቤት ዩኒፎርም ጀምሮ ግራ ትከሻውን ዝቅ እያደረገች የምትሰፋላት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፦ ታናሽ እህቷ ሰምሃል። ሰምሃል ደግሞ ቅዳሜ ዱባይ ልትሄድ ነው። ሱቅ ውስጥ ልትሠራ።

«አሁን መጥታ ትሞክረዋለች። እኔ መኪና ውስጥ ነኝ» አለ ተከስተ። በሩ ላይ ዞር አለ። «ቡልጋሪያ ሰፈር ነው አይደል የምትኖሪው? ሰማያዊው በር።»

የት እንደምትኖር ነግራው አታውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ሰምሃል ገባች። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና የእህቷን ፊት አየች።

«ጎበዝ ሰፊ አውቃለሁ አልኩት እንጂ እህቴ ናት አላልኩትም። በቃ፣ ሥራ ላመጣልሽ ብዬ ነው!»

«እስር ቤት ነው ያመጣሽልኝ! እዚህ ወይ እዚያ ትያዣለሽ እኮ፣ ሰምሃል። እምቢ በዪው።»

«ትኬቱን የቆረጠልኝ እሱ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማለቴ… እምቢ ያለችው ልጅ ወንድም ተደብድቦ ነው የተገኘው። ቤታችንን ያውቃል፣ ትርሓስዬ።»

ሰደርያውን ከነወፏ አንሥታ መጋረጃው ጀርባ ገባች።

«እንዴ! ልቧ ጎኔ ላይ ይመታል» አለች ከዚያ ማዶ። ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ ግን አልወጣላትም።

ትርሓስ ቦርሳውን ከፈተች። ፓስፖርቱ ከላይ ነበር። ፎቶው ያለበትን ገጽ ገልጣ በቆመችበት አሰበች፦ እምቢ ያለ ሰው ይመታል፤ ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ ለደረሰ አደጋ ግን ማን ይመታል? ሊመቱም ይችላሉ። ቢመቱ ግን እሷን ነው።

የጋለውን ካውያ አነሣች።

«ለሰምሃል ይሄን አገር ጥላ የምትወጣበት ሌላ መንገድ ይገኝላት» አለች በልቧ፤ ካውያውንም ፎቶው ላይ አስቀመጠችው።

የገጹ ፕላስቲክ ተንጨረጨረ።

«ምንድነው የሚሸተው?» አለች ሰምሃል።

«ቆይ፣ አትውጪ። ቁልፎቹን ቆልፊ።»

ውጭ ተከስተ አንዴ ጡሩምባ ነፋ። ትርሓስ ካውያውን በሁለት እጇ ተጫነችው።