ማንም እጁን ያላነሳበት ፌርማታ

አለፈ እኮ አውቶቡሱ፣ ቆማ እያየችው አለፈ፣ ባዶ ወንበሮቹን በመስኮት እያሳየ፣ በረዶውን ጫማዋ ላይ ረጭቶ አለፈ፣ ሰባት ሰው ቆሞ አንድ እጅ አልተነሳም። ሲርኩ ራሷን አልቆጠረችም። ከቆጠረች ስምንት ናቸው።

ሾፌሩ ዓይን የለውም? ዓይንማ አለው፣ እጅ ያላነሳ አይሳፈርም፣ ይሄን በኩዎፒዮ ከተማ የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል፣ ግን የአውቶቡሱ ቁጥር የት ይታያል፣ ግንባሩ ላይ በረዶ ተለጥፎበት፣ አምስት ይሁን አስራ አምስት ማን ለየው፣ የራስህ ያልሆነውን አውቶቡስ አስቁመህ ሾፌሩ በር ከፍቶ ሲያይህ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሲያይህ፣ ይቅርታ ብለህ ወደ ኋላ ስትል፣ ከዚያስ መሬት ተከፍታ ብትውጥህ ይሻላል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ጠበቀ። አሁንም ሁለት ሁለት እርምጃ ተራርቀው እንደ ስልክ እንጨት ተገትረዋል። ቀይ ኮፍያ ያደረገችው አሮጊት ብቻ እህ አለች። እህ። አበቃ፣ ተቃውሞው ይኸው ነው።

የኢልማሪ ባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ይነሳል። ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ለውትድርና ወደ ካያኒ ይሄዳል፣ ግዴታ ነው፣ እኩዮቹም ይሄዳሉ፣ ማንም አያለቅስም። ትናንት ከሳውና ወጥተው በረንዳው ላይ ሲቀዘቅዙ ነገ ጣቢያ ትመጫለሽ ወይ አላት፣ ወደ ሌላ እያየ፣ እሷ ደግሞ ምን ልሠራ፣ ክፍልህን ልወስድ ነው፣ ተገላገልኩ አለችው፣ ቀልድ ነበር፣ ቀልድ መሆኑን ፊቷ አልተናገረላትም፣ ፊቷ መቼ ተናግሮ ያውቃል። ጠዋት ስትነሳ ሄዷል። ልብሱን ከቁምሳጥኑ አውጥቶ በካርቶን አሽጎ፣ መደርደሪያውን ወልውሎ። ለሷ። እንዲህ ሆኖ ሰው ይሄዳል?

ሁለት ሰዓት ከሦስት። አስራ ዘጠኝ ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ቅንድቧ ደርቋል፣ ደውይ አትበሏት፣ እነሱ ቤት ስልክ የሚደወለው ሰው ሲሞት ነው። ሌላ መብራት ይመጣል፣ ይሄም ግንባሩ ነጭ፣ ሰባቱ ጫማቸውን ያያሉ፣ እዩ፣ እዩት፣ ጫማችሁ ያድርሳችሁ፣ ሲርኩ አስፋልቱ ላይ ትወርዳለች፣ ሁለት እጇን ታነሳለች፣ እንደሚሰምጥ ሰው።

ይቆማል። ጣቢያ ነው? ትላለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። ጣቢያ ነው፣ አንድ እጅም ይበቃ ነበር ይላል ሾፌሩ። ሰባቱም ከኋላዋ ይገባሉ፣ ተሰልፈው፣ አመሰግናለሁ የለ፣ ምን የለ፣ ጨዋዎች።

ደግሞ ይሄ። የበረዶ መጥረጊያ መኪና ከፊት ገብቶ እንደ ሙሽራ ይንቀረፈፋል፣ ሁለት ሰዓት ከአስር፣ ከአስራ አንድ፣ ማንም ጡሩምባ አይነፋ፣ ማንም አይሳደብ፣ እዚህ አገር ሰው ሲናደድ ዝም ይላል፣ ሲወድም ዝም ይላል፣ ልዩነቱን በምን እንወቅ?

ትደውላለች።

ማን ሞተ ይላል ኢልማሪ።

ማንም አልሞተም፣ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ አልደርስልህም፣ ክፍልህን አልፈልገውም፣ ትሰማለህ፣ ካርቶኖቹን ማታ እፈታቸዋለሁ፣ ተገላገልኩ ያልኩት ውሸቴን ነው፣ እንዳትሄድ ነው የፈለግኩት። አውቶቡሱ በሙሉ አንገቱን ስልኩ ውስጥ ይቀብራል። ይስማ። ጆሮ ከተፈጠረለት ይስማ።

ሰው አለ እንዴ አጠገብሽ? ይላል።

ሞልቷል።

ከኋላው የባቡር በር ይጮኻል፣ አፍንጫውን ይስባል፣ እዚህ ይበርዳል ይላል፣ አውቃለሁ ትላለች፣ በሁለት ሳምንት እመጣለሁ፣ ያኔ ጣቢያ ድረስ ነይ ይላል፣ መስመሩ ይቆረጣል።

ሲርኩ እንደቆመች ናት። ባለ ሁለት ወንበሩ ሁሉ በአንድ ሰውና በአንድ ቦርሳ ተይዟል፣ እሱም ያናድዳል፣ ቦርሳ ምን ደክሞት ይቀመጣል። ባለ ቀይ ኮፍያዋ አሮጊት መስኮቱን እያየች ቦርሳዋን ታነሳና ጭኗ ላይ ታደርጋለች።

ሲርኩ ትቀመጣለች።