አምስት ነጥብ ሰባት

ሆስፒታሉ ውስጥ ሁሉም «ፎቶ አንሺዋ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት እርጉዞች ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልትራሳውንድ ክፍል ተቀምጣ የሰው ሆድ ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ እናቶች ጄሉ ሲቀዘቅዛቸው ሲንጫጩ «ኧረ ቀስ፣ ልጁ አኩርፎ ጀርባውን ሰጠኝ» እያለች ታስቃቸዋለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሌላ ሥራ ተጨምሮባታል፤ የሚያስቅም አይደለም። ጭንቅላታቸውን ተመትተው ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች ሲመጡ ትንሿን ማሽን እየገፋች ጽኑ ሕሙማን ክፍል ትገባና ዓይናቸውን ትለካለች።

የራስ ቅል እንደ ሆድ አይለጠጥም። ውስጡ ደም ሲፈስ ወይም አንጎል ሲያብጥ ግፊቱ መውጫ ያጣል፤ ያኔ ከዓይን ኳስ ጀርባ ያለው የነርቭ ሽፋን ይወፍራል። እሷ በተከደነው የዓይን ቆብ ላይ ጄል ትቀባና የማሽኑን እጀታ ሳትጫን ታሳርፋለች። ስክሪኑ ላይ ዓይን እንደ ጥቁር ኳስ ይታያል፤ ከኋላው ጠቆር ያለ ግንድ ይወርዳል። የግንዱ ውፍረት ከአምስት ሚሊሜትር በታች ከሆነ እሰየው ነው። ስድስት ካለፈ ሕመምተኛው የራስ ቅል ወደሚከፈትበት ትልቅ ሆስፒታል ይላካል፤ መንገዱ በአምቡላንስ አምስት ሰዓት ይፈጃል። እነሱ ጋ የአንጎል ቀዶ ሐኪምም ሲቲ ስካንም የለም። ያለው ይህች ማሽንና የእሷ እጅ ነው።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የወንድሟ ሚስት ደወለችላት። «ወደቀ» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ታላቅ ወንድሟ ጣራ ሠሪ ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ድመቱ» ይሉታል፤ ሃያ ዓመት ጣራ ለጣራ ሲሮጥ አንድም ቀን አዳልጦት አያውቅም። የዚያን ቀን የአንድ ትምህርት ቤት ጣራ ሲጠግን ዝገት የበላው ቆርቆሮ ከእግሩ ሥር ከዳው። አባታቸው ከሞተ በኋላ እሷን ያሳደገና ያስተማረ እሱ ነው። የተመረቀች ቀን ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ እየታየ ፎቶ ተነስቶ፣ ፎቶው ሲታጠብ «እግሬን ቆርጠሽ አስወጪልኝ» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፍርሶት ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ ጋሼዋ በጀርባው ተኝቷል፤ ጸጉሩ ደም ጠጥቶ ደርቋል። ስትጠራው ዓይኑን አልገለጠም፤ እጁን ሲቆነጥጡት ብቻ አቃሰተ። በእድሜ የሚያንሳት ሐኪም ወደ ጥግ ወሰዳት።

«እህቴ፣ አንቺ ውጪ ከቤተሰብሽ ጋር ሁኚ። ሌላ ሰው ይለካዋል።»

«ማን ሌላ ሰው፣ ዶክተር? አንዷ ባልደረባዬ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፤ ሌላው ደግሞ ዓይን ለክቶ አያውቅም። እርስዎም ቢሆኑ ሁለቴ ነው የሞከሩት።»

ሐኪሙ ከንፈሩን ነከሰ። ያለችው እውነት ነበር። «እሺ፣» አለ፣ «በየሁለት ሰዓቱ ትለኪያለሽ። ስድስት ካለፈ በዚያችው ደቂቃ እንልከዋለን።»

የመጀመሪያው ልኬት አምስት ነጥብ ሁለት ሆነ። ስድስት ሰዓት ላይ አምስት ነጥብ አምስት። የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረጉለት፤ ግፊቱን የሚቀንሰውን መድኃኒት በደም ሥሩ ለቀቁለት። በየመሀሉ ስትወጣ እናቷና የወንድሟ ሚስት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ታገኛቸዋለች። እናቷ የልጃቸውን አንድ እግር ጫማ ታቅፈዋል፤ ሌላው የት እንደወደቀ የሚያውቅ የለም።

«አንቺ እያለሽለት ምን ይሆናል፣» ይሏታል። «ልጄ በልጄ እጅ ነው ያለው።»

ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና ለካችው። ምስሉን አቆመችና ሁለቱን ትንንሽ የመስቀል ምልክቶች በግንዱ ግራና ቀኝ አስቀመጠች። ስክሪኑ ስድስት ነጥብ አንድ አለ።

ባለፈው ወር ራሷ ለክታ ያስላከቻት አንዲት አስተማሪ ግማሽ መንገድ ላይ ሕይወቷ አልፎ ሬሳዋ በዚያው አምቡላንስ ተመልሷል። ያ ነጭ መኪና ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ከዚያ ያደረገችውን ከዚያ በፊት አድርጋው አታውቅም። አንዱን ምልክት በጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ ውስጥ አስገባችው። የግንዱ ጠርዝ ብዥ ያለ ነው፤ ይሄ የሽፋኑ ጥላ እንጂ ሽፋኑ ላይሆን ይችላል ብላ ራሷን አባበለች። አምስት ነጥብ ሰባት ሆነ። ወረቀቱ ላይ አምስት ነጥብ ሰባት ብላ ጻፈች፤ ጽሕፈቷ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ሐኪሙ አየውና በረጅሙ ተነፈሰ። «ጥሩ ነው፣ ትንሽ እንጠብቅ።»

እነዚያን ሁለት ሰዓታት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ስትጠየቅ መናገር አትችልም። ከአልጋው ሥር አልራቀችም። እግሩን በብርድ ልብስ ስትሸፍን፣ መልሳ ስትገልጥ ቆየች። «ተሳስቻለሁ፣ ደግሜ ልለካ» የሚለው ቃል አሥር ጊዜ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነርሷ የእጅ ባትሪዋን ዓይኑ ላይ አበራችና ሐኪሙን ጮኻ ጠራችው። የግራ ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ቀርቷል፤ ብርሃን ሲነካው አይጠብም። ፎቶ አንሺዋ ለካች። ስድስት ነጥብ ስምንት።

«በሁለት ሰዓት ውስጥ? ከአምስት ነጥብ ሰባት?» ሐኪሙ ወረቀቱንና ስክሪኑን አፈራርቆ አየ።

«አምስት ነጥብ ሰባት አልነበረም፣ ዶክተር። ስድስት ነጥብ አንድ ነበር። እኔ ነኝ ያሳነስኩት።»

ሐኪሙ አልጮኸባትም፤ ቢጮኽባት ይቀላት ነበር። ፊቱን አዙሮ «አምቡላንስ ይጠራ፣ የመተንፈሻ ቱቦ አምጡ» አለ። እሷን ግን ዳግመኛ ቀና ብሎ አላያትም።

ወንድሟ በመንገድ አልሞተም። ቅሉ ተከፍቶ የረጋው ደም ወጣለት፤ ሃያ ሦስት ቀን ተኝቶ ነቃ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አልታዘዙትም፤ ንግግሩም ጠፋ። የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እሺ»። ሲጠማው እሺ ይላል፤ ሲያመውም፣ ሲቆጣም እሺ ነው።

ሆስፒታሉ ኮሚቴ አቋቁሞ ጠየቃት። ምንም አልደበቀችም። ሐኪሙም «መከልከል ነበረብኝ፤ አልከለከልኩም» ብሎ የበኩሉን ተናገረ። ለእሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ከዚያ ወዲህ ዘመዱን የሚለካ የለም፤ እያንዳንዱን ዓይንም ሁለት ሰው ይለካዋል። የወንድሟን ቅል የከፈተውን ቀዶ ሐኪም በስልክ አግኝታ ያቺ ሁለት ሰዓት ለውጥ ታመጣ እንደነበር ጠየቀችው። «ልታመጣም ላታመጣም ትችል ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም» አላት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ ምነው ቁርጡን በነገረኝ ብላ ተመኘች።

እናቷ ግን ይህን ሁሉ አልሰሙም፤ ለመጣ ለሄደው «ልጄን ከሞት የነጠቀችልኝ እህቱ ናት» እያሉ ያወራሉ። እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው የወንድሟን ሽባ እጅ ልታሽ ሄደች። እናቷ አልነበሩም። ወንድሟ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የጎረቤትን አዲስ ጣራ ያያል። ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋች ነገረችው።

«ጋሼ፣ ቁጥሩን የቀነስኩት እኔ ነኝ። ቀድመው ሊልኩህ ይችሉ ነበር። መንገድ ላይ ትሞትብኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ዞሮ አያት። «እሺ» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አላወቀችም። ዓይኑን መልሶ ወደ ጣራው ወሰደ።

ቀና ስትል የወንድሟ ሚስት የታጠበ አንሶላ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ስንት ሰዓት አዘገየሽው?» አለች።

«ሁለት ሰዓት።»

ሴትዮዋ አንሶላውን አልጋው ላይ አስቀመጠች፤ ጫፉን ይዛ ማጠፍ ጀመረች፤ ተወችው።

«እነዚያን ሁለት ሰዓታት እኔ ከእማማ ጋር ውጪ ተቀምጬ፣ እሷ አለችለት እያልኩ ነበር» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «ለእማማ እንዳትነግሪያቸው። ይገድላቸዋል።»

ፎቶ አንሺዋ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«ነገ ልምጣ ወይስ…?»

ሚስትየው ጀርባዋን ሰጥታ የባሏን ትራስ ታስተካክል ነበር። ሳትዞር መለሰች።

«እጁን ማን ሊያሸው ነው ታዲያ? እኔ ሥራ አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነይ።»