የአየሁሽ ከል

በ1978 ዓ.ም. ገንዳ ውሃ ስልክ ቤት ስሠራ አየሁሽ በየማክሰኞው ትመጣ ነበር። ወንድሟ ብሔራዊ ውትድርና ዘምቷል፤ የጃጁትን አባቷን የምትጠብቀው ብቻዋን ነው። ድሮ ጤና ጣቢያችን የነበረችው ነርስ፣ ሲስተር ጸዳለ፣ ወደ ጎንደር ስትዛወር «ሲጨንቅሽ ደውዪልኝ» ብላት ሄዳለች።

አንድ ማክሰኞ ጥቁር የሐዘን ከሏን ለብሳ ገባች። እናቷ ከሞተች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ጎንደር ለጸዳለ ደወልሁላት፤ መስመሩ ክፉኛ ይንጫጫ ስለነበር እንደ ልማዴ መሀል ገብቼ የአንዷን ቃል ለሌላዋ ማቀበል ጀመርሁ።

«አባዬ ልብሴን ባዩ ቁጥር ማን ሞተብሽ ይሉኛል» አለች። «እናቴ ስላቸው እንደ አዲስ መርዶ ደረታቸውን ይደቃሉ። ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ አለቀሱ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

ጸዳለ የመለሰችውን እስከ መጨረሻው አዳመጥሁ።

«ምን አለች?»

«ከሉን አውልቂው ትልሻለች። እናትሽ የት ሄደች ብለው ሲጠይቁሽም፣ ሽንፋ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች በያቸው።»

«አርባዋ ሳይወጣ? የወለደችኝን?» ጮኸችብኝ። «አገሩ ምን ይለኛል? አንተስ ብትሆን ታወልቃለህ?»

ሳትሰናበተኝ ወጣች።

በሳምንቱ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ መጣች። ተራ ትጠብቅ የነበረችው ሰሊጥ ነጋዴዋ ፈንቴ ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት።

«እሰይ ሙሽሪት! የእናትሽ አፈር ሳይደርቅ ማን አገባሽ?»

አየሁሽ ቀና ብላም አላየቻት። ቀፎውን አነሣች። ያን ቀን መስመሩ ጥርት ያለ ነበር፤ እኔ አላስፈልግም። ቢሆንም ማዳመጫውን ከጆሮዬ አላወረድሁም።

«ሁለት ቀን ሙሉ አላለቀሱም» አለች። «እህልም ቀምሰዋል። እናትሽ አሰበች ከሽንፋ ስትመለስ ዓሣ ታምጣልኝ አሉ።»

«ጎበዝ የኔ እመቤት። አንቺስ?»

«እኔማ እየሳቅሁ እሺ እላቸዋለሁ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እናቴን መቼ ላልቅሳት? ቤት እሳቸው አሉ፤ ደጅ ስወጣ ሰዉ ሙሽሪት ይለኛል።»

«እዚሁ አልቅሺ። እሰማሻለሁ።»

ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ የእናቷን ስም እየጠራች ተንሰቀሰቀች። ፈንቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ደጅ ወጣች። የከፈለችበት ሦስት ደቂቃ ሲሞላ የጎንደሩ ስልከኛ መስመሩ ላይ ገባ።

«ገንዳ ውሃ፣ ጨርሰዋል?»

«አልጨረሱም» አልሁት።