በአራትና በአምስት መካከል

5

«አምስት።»


0

ከላይ ያለው ቃል የአቶ ተካልኝ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለየሺመቤት የተናገሩት እሱን ብቻ ነው። ማታ ሲወርዱ ደግሞ «ግራውንድ» ይላሉ። ሁለት ቃል ሆነ፤ ሰው መበደል አልፈልግም።

የሺመቤት የሊፍት ሠራተኛ ናት። ሕንፃው ሰባት ፎቅ አለው፣ በዕድሜ ከእሷ ብዙም አያንስም። ሊፍቱ አርጅቶ በሩ በእጅ ካልተገፋ አይገጥምም፣ የአራተኛው ፎቅ ቁልፍ ሁለቴ ካልተጫኑት አይሰማም። ለዚህ ነው ሰው የተቀጠረለት። አንድ ሰማያዊ ጋውን፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ ኮዳ ውሃ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል ትወጣለች፣ ትወርዳለች። የትም አትደርስም።

ቁጥሮቹ ለምን ተራቸውን አልጠበቁም ለምትል አንባቢ፦ ሊፍት የሚሄደው የተጠራበት ነው። ታሪኩ ግን ቀኑን ጠብቆ ይሄዳል። ሐሙስ ይጀምራል፣ እሁድ ያልቃል። ማለቁን እንኳ እንጃ።


3

ሊፍት ሲገቡ የሚደረግ።

ግባ። ቁጥር ተናገር፤ ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ጣሪያው። ስልክህን አውጣና የሚታይ ነገር ባይኖርበትም እየው። ሐሜት ይዘህ ከሆነ አታቋርጥ፣ የሚሰማህ ሰው የለም። መስታወቱ ውስጥ ክራቫትህን አስተካክል። እሷም መስታወቱ ውስጥ አለች፤ ግድ የለም። ውጣ።

በዚህ ዓይነት የሺመቤት ያልሰማችው ጉድ የለም። የስድስተኛው ፎቅ ጠበቃ ትዳሩን ሊያፈርስ መሆኑን ከሚስቱ በፊት ሰምታለች። የሁለተኛው ፎቅ ጥርስ ሐኪም እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ታውቃለች፤ ጥርሷን ሌላ ቦታ ታሳክማለች። ሁሉንም ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀምጣለች።

አቶ ተካልኝ ከእነዚህ ሁሉ ይሻላሉ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ነውር ነው። ሰው አይሰድቡም። መንገድ ላይ ለለማኝ ቆመው፣ ጎንበስ ብለው ነው የሚሰጡት። አምስተኛ ፎቅ ያሉት ሠራተኞቻቸው «አባታችን» ይሏቸዋል። የሺመቤትንም አንድ ቀን ክፉ ተናግረዋት አያውቁም። እሷን የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ቢሰድቧት ኖሮ ቢያንስ እንዳዩዋት ታውቅ ነበር።*

———
* እሳቸውን «እሳቸው»፣ እሷን «እሷ» ማለቴን ልብ ብላችኋል። ዕድሜያቸው እኩል ነው። ላስተካክለው ሞክሬ ነበር፤ ሁለት «እሳቸው» አንድ ሊፍት ውስጥ ሲገቡ የትኛው እንደተናገረ ይጠፋል። ሰበብ ነው፣ አውቃለሁ።


በ4 እና በ5 መካከል

(ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም። መብራት ሄደ። የሕንፃው ጄኔሬተር ናፍጣ የለውም። ሊፍቱ ውስጥ ሁለት ሰው አለ።)

እሳቸው፦ ምንድን ነው ይሄ?

እሷ፦ መብራት ነው የሄደው። አይዞዎት፣ አይወድቅም።

እሳቸው፦ (ትንፋሽ ያጥራቸዋል። በጨለማ ግድግዳውን ይዳብሳሉ።)

እሷ፦ ይቀመጡ። ከኋላዎ በርጩማ አለ። ቀስ ብለው።

(ይቀመጣሉ። እሷ ትቆማለች።)

እሷ፦ ውሃ ይጎንጩ።

(ይጎነጫሉ።)

እሳቸው፦ (በስልክ፣ ለሚስታቸው) ሄሎ፣ ሰብልዬ። ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሬልሻለሁ። … ኧረ ደህና ነኝ፣ ትንሽ አፈነኝ እንጂ። … የለም፣ ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።

እሷ፦


እሳቸው፦ (በስልክ) ይልቅ ነጭ ልብሴን አሳጥቢልኝ፣ እሁድ ሽምግልና አለብኝ። … ለባምላክ ነዋ፣ እኛ ጋ ግዢ ክፍል ያለው ልጅ። እንደ ልጄ ነው፣ እምቢ አልለውም። … የልጅቷን ቤተሰብማ አላውቃቸውም። አባትየው ሞተዋል። እናትየዋ ወይዘሮ የሺመቤት ይባላሉ አለኝ። በጣም የተከበሩ ሴት ናቸው ይላል።

እሷ፦


እሷ፦


(መብራት መጣ።)


5

አርባ ደቂቃ ፈጅቷል። አቶ ተካልኝ ኮዳውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ተነሡ፣ ሱሪያቸውን አራገፉ። «ይሄን ነገር አንድ ሊሉት ይገባል» አሉ፣ ለበሩ። ወጡ።

የሺመቤት በሩን ገፍታ ዘጋችና የትኛውንም ቁልፍ ሳትጫን ቆመች። ማህደር አንድ ልጇ ናት። ባምላክና ማህደር ከተዋደዱ አራት ዓመታቸው ነው፤ እሁድ ሽማግሌ እንደሚመጣ የሺመቤት ታውቃለች፣ ወንድሟም ለዚሁ ሲል ከደብረ ብርሃን እየመጣላት ነው። የማን ሽማግሌ እንደሚመጣ ግን አልጠየቀችም ነበር። የወንዱ ቤተሰብ የላከውን መቀበል እንጂ መምረጥ የለም።

ስሟ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ያውም ከነወይዘሮው፣ ከነየተከበሩው። አጠገባቸው ቆማ፣ ውሃዋን አጠጥታ ነው የሰማችው። አልተናደደችም። አፈረች። ምንም ያጠፋችው የለም፤ ያፈረችው ግን እሷ ናት።

ከታች ሰው ይጮሃል። «ሊፍት! ኧረ ሊፍት!»


4


4

(ይህ ቁልፍ ሁለቴ ነው የሚጫነው ብያለሁ።)

ዓርብ ጠዋት ባምላክ ብቻውን ገባ። የሺመቤት ሌላ ሰው ሳይደርስ በሩን ገፋችው። ልጁ ክፉ አይደለም። ሕንፃው ውስጥ ጎንበስ ብለው «እንደምን አደሩ፣ እትዬ የሺ» ከሚሏት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። ሁለቱ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው።

«አለቃህን ነው የምትልክብኝ?»

«አዎ እትዬ የሺ። እሳቸው ካሉበት ያምርልኛል ብዬ ነው።»

«እኔ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ?»

«እንዴ፣ በየቀኑ ያዩዎት የለ? ስምዎን ነገርኳቸው። ሌላ ምን ይጨመራል?»

«ሥራዋ ምንድን ነው አላሉህም?»

«አልጠየቁኝም።»

«ቢጠይቁህስ ኖሮ?»

ባምላክ ከበሩ በላይ የሚበራውን ቁጥር አየ። ሦስት ነበር። አራት ሆነ።

«አፍረህብኝ ነው?» አለችው።

«እግዜር ያያል፣ እትዬ የሺ። ከፈለጉ አሁኑኑ ገብቼ እነግራቸዋለሁ።»

«እንዳትነግር።»

«ለምን?»

«አይተው ይወቁኝ።»

ባምላክ የታየ ሰው ሁሉ የታወቀ መስሎት ነበር። አራት ዓመት ከእሷ ጋር የወጣ የወረደ ልጅ እንዴት እንዲህ ይሳሳታል? ወይም አልተሳሳተም፤ ያቺን አንድ ቃል፣ ሊፍት የምትለዋን፣ ሆን ብሎ ውጧታል። ልጁን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ እኔም አላወቅኩም።


2

ቅዳሜ ቀን፣ ልብስ እያሰጡ።

«እማዬ፣ የምታገቢው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?»

«አንቺ።»

«እንግዲያው አቶ ተካልኝ ቢያውቁሽ ባያውቁሽ ምን ይቀርብሻል? አንድ ቀን ነው። ገብተው ይወጣሉ።»

«ላንቺ ነው አንድ ቀን። እኔ ሰኞም አወጣቸዋለሁ።»

ማህደር የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ሳትዘረጋ ቆየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እምቢ ትያለሽ?»

«እንዲያ አላልኩም።»

«እሺ ትያለሽ?»

«እንዲያም አላልኩም።»

«እኔ ሌላ ሰው አላገባም፣ እማዬ። ይህን እወቂ። ለኔ ስትይ ዋጪው።»

ልጅቷ እውነቷን ነው። እናትየዋም እውነቷን ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ዳኛም አይፈታው።


6

ያሉት መውጫዎች፦

ባምላክ ይንገራቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አክብሮት ባምላክ ያዘዘው ይሆናል። አይሆንም።

የሺመቤት ታምሜያለሁ ብላ ትተኛ፣ ወንድሟ ይቀበላቸው። የልጅ እናት በሽምግልና ቀን ጠፍታ፣ ጎረቤት ምን ይላል። አይሆንም።

ሥራውን ትልቀቅ። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ የሚያውቀው ቆሞ መውጣትና ቆሞ መውረድ ብቻ ነው። አይሆንም።

እምቢ ትበል። ማህደር።

እሺ ትበል።

«አምስት።» ሰኞ። «አምስት።» ማክሰኞ። «አምስት።» የልጅ ልጇን ክርስትና አብረው በልተው ሲያበቁ፣ በማግስቱ፣ ወደ ጣሪያው፣ «አምስት።»


(ለዚህ ክፍል ሊፍቱ ላይ ቁጥር የለም)

እሁድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። የባምላክ አጎት፣ አንድ ቄስ፣ መሀል ላይ አቶ ተካልኝ በነጭ ልብስ። የቤቷ በር አጭር ስለሆነ ሦስቱም ጎንበስ ብለው ገቡ። ወንድሟ መኩሪያ ተቀበላቸው። ማህደር መጋረጃው ጀርባ ናት፤ እግሯ ይታያል።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለ መኩሪያ።

«የመጣንበት ሳይሳካ አንቀመጥም» አሉ አቶ ተካልኝ።

ወግ ነው። ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ ወንበር አይነካም።

የሺመቤት ከጓዳ ወጣች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ ነጠላዋን አጣፍታለች። አቶ ተካልኝ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ይህን ነበር። ጠበቀች። ትንሽ ጨምራ ጠበቀች።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ የሺመቤት» አሉ። ለቀቋት።

አላወቋትም።

ከዚያ ወደ ንግግራቸው ገቡ፣ ደግሞም ያምርባቸዋል። «ልጃችን ባምላክ ወላጅ ሁኑኝ፣ ልጅ ልሁናችሁ ብሎ ልኮናል። ወደማናውቀው ቤት አልመጣንም። የዚህን ቤት ጨዋነት ያልሰማ የለም። እኔ በበኩሌ ወይዘሮ የሺመቤትን የማውቃቸው እንደ ቅርብ ዘመድ ነው።»

ይህንን የማይል ሽማግሌ የለም። ውሸት አይባልም፤ ማጣፈጫ ነው። ቄሱም «እውነት ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

መኩሪያ ወደ እህቱ ዞረ። «አባቷ የለም። መልሱ የእናቷ ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች የሺመቤት።

«ይጠይቁ፣ እሱማ መብትዎ ነው።»

«ሐሙስ ዕለት መብራት ጠፍቶ ሊፍት ውስጥ ተቀርቅረው ነበር?»

አቶ ተካልኝ ፈገግ አሉ። ባምላክ ነግሯት ይሆናል ብለው ነው። «አዎ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ። ለጠላትም አይስጥ።»

«ከማን ጋር ነበሩ?»

«ማንም አልነበረም። ብቻዬን—»

እዚህ ላይ ቆሙ።

መጀመሪያ ያወቁት ድምጿን ነው። በጨለማ ውስጥ አይዞዎት ያለ ሰው ነበር። ውሃ የሰጠ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ፊቷን እንደገና አዩት፣ አሁን ከጋውኑ ጋር፣ ከመስታወቱ ጋር፣ ከዘጠኙ ዓመት ጋር።

«እርስዎ ነዎት» አሉ በዝግታ።

«እኔ ነኝ።»

አቶ ተካልኝ ወደ ባምላክ አጎት ዞሩ። «ልጁ ለምን አልነገረኝም?»

አጎትየው መሬት መሬቱን አየ። መጋረጃው ጀርባ ያለው እግር ተንቀሳቀሰ።

ቤቱ ጠባብ ነው። አቶ ተካልኝ እንዳይቀመጡ ወግ ያዛቸው፣ እንዳይወጡ ሁለቱ ሰዎች ከበሩ ጋር ቆመዋል። ግንባራቸው ላቡን አወጣ፤ ትንፋሻቸው እንደ ሐሙሱ አጠረ። የሺመቤት ሦስት ቀን ሙሉ ይህችን ደቂቃ ስታስብ ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደስ አላላትም። አሳዘኗት፣ ስላሳዘኗትም በራሷ ተናደደች። ደግሞ የአጎትየው ዝምታ ከሁሉም በላይ ከነከናት። አንገቱን የደፋው ስለ አቶ ተካልኝ ነው ወይስ ስለ ባምላክ? ልጇን የምትሰጠው ለማን ነው?

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እጅ አዛወሩ።

«እህቴ» አለ መኩሪያ፣ ቀስ ብሎ፣ «ሰው ቆሟል።»

ወይዘሮ የሺመቤት፦