ጉማሬ ያየንበት ቁልቁለት

የሚስቴ ወንድም አማኑኤል በሠርጋችን ቀን እህቱን ከእኔ መኪና አውርዶ በኪራይ መኪና ነው የሰደዳት። «ይቺ ሳጥን መንገድ ላይ ብትቀርስ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰው ረስቶታል፤ እኔ አልረሳሁም።

ስለዚህ ሚስቴ ጥሩወርቅ ጉማሬ አሳየኝ ስትለኝ፣ በዚችው በአሮጌዋ መኪናዬ፣ ራሴ ነድቼ አሳይቼሽ እመልስሻለሁ አልኳት። አማኑኤል ይህን ሰምቶ በአዲሱ መኪናው ከኋላችን ተከተለ።

«ስትቆምብህ ጎትቼ ወልቂጤ አስገባሃለሁ» አለኝ።

«ጥሩንባህን ለራስህ ንፋ!» አልኩት።

የጊቤ ሸለቆ ፓርክ ጠባቂ «ከመኪና መውረድ የለም» አለን። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የመኪናዬ ሞተሪኖ ከሞተ ቆይቷል፤ የምትነሳው ወይ ተገፍታ ወይ ቁልቁለት ወርዳ ነው። እሁድ ጸሎት ቤት ስንሄድ እንኳ ዳገት ራስ ላይ ነው የማቆማት።

ከርከሮ አየን፣ አጋዘን አየን፤ ሞተሩን አላጠፋሁም። ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን ውሃው ጭር አለ።

«ሽፌ፣ ጩኸቱን ፈርተው ነው። አጥፋው በናትህ» አለች ጥሩወርቅ።

እንደ ልማዴ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልቁለቱ የሚያልቀው ወንዙ ላይ መሆኑን ልብ አላልኩም! መጀመሪያ ጆሮ ወጣ፤ ቀጥሎ ዓይን። ከዚያ አንዱ ግንድ የሚያክል ጉማሬ ከውሃው ወጥቶ፣ ከፊታችን መንገዱ ላይ ተገተረ።

ጥሩወርቅ አፏን በነጠላዋ ይዛ «ጌታ ሆይ፣ እንዴት ያምራል!» አለች።

አማኑኤል ከላይ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አለቀላችሁ! መኪናዋን ትታችሁ ወደ እኔ ሩጡ!» ይላል።

ጥሩወርቅ ወደ እኔ ዞረች። «እንሂድ እንዴ?»

«ወዴት?» አልኳትና የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ። መንከባለል ጀመርን። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቀው መኪናዬ «ጧ!» ብላ ተነሳች። ጉማሬው እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅ ይሆናል፤ ዞሮ ውሃው ውስጥ ዘጭ አለ። ፍሬን ስይዝ የረጨው ውሃ መስታወታችንን አለበሰው።

ጥሩወርቅ በሳቅ እንባዋ ወረደ። እንዲያ ስትስቅ ከተጋባን ወዲህ አይቼ አላውቅም።

የኋላ ማርሽ አስገብቼ ዳገቱን ስወጣ አማኑኤል «ስትወርዱ ምን አያችሁ? ከእኔ ጋ አቧራችሁ ብቻ ነው የታየው» አለ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

«ሽፌ፣ ሌላ ቁልቁለት ፈልግልኝ» አለች ጥሩወርቅ።

መኪናዬን ነዳኋት።