የአቶ ሀብተ ማርያም አክታ

ለክቡራን ሠራተኞቻችን በሙሉ፦ ከኅዳር 5 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሻይ ሰዓት ከአራት ሰዓት ወደ አራት ከሩብ የተሸጋገረ መሆኑን፣ ውሳኔውም ሰፊ ውይይት ተደርጎበት በሙሉ ድምፅ የጸደቀ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።

ይህ ማስታወቂያ ቦንጋ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ በተለጠፈ ዕለት ከሥሩ ሌላ አነስ ያለች ወረቀት ነበረች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ተክለጻድቅ ከሳንባ ነቀርሳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ እስኪያመጣ በረንዳ ላይ እንዲሠራ፣ በወር ውስጥ ካላመጣ እንዲሰናበት ታዟል። ሁለቱንም የፈረሙት ኃላፊው አቶ ሀብተ ማርያም ናቸው። በሻይ ሰዓቱ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ተወያይተዋል፤ የተክለጻድቅን ጉዳይ የጨረሱት ኮታቸውን እየለበሱ ነው።

ተክለጻድቅ በየቀኑ ኪኒኑን እየዋጠ አምስተኛ ወሩን ይዟል። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ በረንዳው ላይ ከነጉሙ እየገባ ፋይሉንም እሱንም ያረጥባል። ሌሊት ሌሊት አሁንም ያልበዋል፤ ስለዚህ ምርመራውን እንደ ፍርድ ቀን ፈራው።

ከዞን ገምጋሚዎች ሊመጡ ሳምንት ሲቀር አቶ ሀብተ ማርያም አንድ ደብዳቤ አስፈልጓቸው አጡት። የት እንዳለ የሚያውቅ ተክለጻድቅ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ ማስረጃ ወደ ውስጥ አይገባም። አስጠሩትና በሩ ላይ አቆሙት።

«ስማ፣ ያ ወረቀት መቼ ነው የሚመጣው?»

«በዚች ዕቃ አክታ አምጣ ብለውኛል፣ ጌታዬ። አሁንም አለብህ ቢሉኝስ ብዬ ነው።»

«እሱ ነው ያስጨነቀህ? ዕቃዋን ወዲህ በል። የኔን ትወስዳለህ። እኔ እንደሆንኩ እንደ በሬ ነኝ።»

ጤነኛ ሰው ያን ሁሉ አክታ ከየት ያመጣል ብሎ የጠየቀ የለም። አቶ ሀብተ ማርያም አንዴ ከሆዳቸው ሲያስሉ ዕቃዋ ከግማሽ አለፈች። «የጠዋት ብርድ ናት» አሉ፣ ከማንኪራ የሚመጣላቸውን ማር በማንኪያ እየላሱ።

ዕቃዋን ባስረከበ ማግስት የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ደምመላሽ ተክለጻድቅን አስጠርቶ እፊቱ ሌላ አክታ አስተፋው። ከሰዓት በኋላ ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሰው። በሰማያዊው መደብ ላይ እንደ ተበተነ የክብሪት እንጨት ያሉ ቀያይ ጭረቶች ተረፍርፈዋል።

«ይሄ ትናንት ያመጡት ነው፤ ቀያዮቹ የነቀርሳው ጀርሞች ናቸው። ዛሬ የሰጡኝ ግን ንጹሕ ነው። እርስዎ እየዳኑ ነው፣ ጋሽ ተክለጻድቅ። ያኛው የማን ነው?»

ተክለጻድቅ ከማይክሮስኮፑ ቀና አለ። «ሰውዬው'ኮ ምንም አልሆነም። እንደ በሬ ነው።»

«ሳንባችን ውስጥ ዘበኛ ሕዋሳት አሉ» አለ ደምመላሽ። «ጀርሙን ይውጡታል። መግደል ካቃታቸው ይዘውት በሥርዓት ይሞታሉ፤ ጎረቤት ይተርፋል። ይሄ ጀርም ግን ክፉ ነው፤ የዘበኛውን ሞት ይዘጋበታል። በሕይወት ያኖረውና ሆዱ ውስጥ ይራባል። ሲበቃው አፈንድቶት ወደ ጎረቤት ይወጣል።»

«ዘበኛው አይታወቀውም?»

«እሱማ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲያዩት ደህና ነው። ስሙን ብቻ ይንገሩኝ። መድኃኒቱ በነጻ ነው።»

ስሙ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የአቶ ሀብተ ማርያም ጸሐፊ ዝማሬ ባለፈው ወር «ጋሼ ከሱብኝ» ብላ ስላዘነች ብቻ በሦስተኛው ቀን ወደ ሩቋ ቢታ ገነት ተዛውራለች። ከሱ ማለት ቢታ ገነት ካደረሰ፣ ነቀርሳ አለባቸው ማለት የት ያደርሳል? በዚያ ላይ የተጭበረበረው ምርመራ የሱ ነው።

«መንገድ ላይ ተለዋውጦብኝ ይሆናል» አለ።

ደምመላሽ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ንጹሕ የሚለውን ወረቀት ጻፈለት፤ እውነት ነውና።

አቶ ሀብተ ማርያም ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ ከፍ አድርገው አነበቡት። «አላልኩህም? የኔ አክታ'ኮ ነው።»

ተክለጻድቅ ወደ ክፍሉ የሚመልሰው ደብዳቤ እስኪፈረም ዝም አለ። ከፊርማው በኋላ ማኅተሙ ቀረ። ከማኅተሙ በኋላ ግምገማው መጣ። ከግምገማው በኋላ ደግሞ እስካሁን ለምን ዝም አልክ የሚል ጥያቄ ሊኖር ነው። በየጠዋቱ ፋይል ያስገባላቸዋል፤ እያሳሉ ይፈርማሉ። ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየ፤ ሁለተኛውንም አየ።

ሚያዝያ ላይ ስብሰባ እየመሩ ሳል ያዛቸውና ቃለ ጉባኤው ላይ ደም ተፉ። ጅማ ወሰዷቸው። በአራተኛው ቀን አስከሬናቸው ተመለሰ።

ከቀብሩ በኋላ ደምመላሽ ሠራተኛውን በሙሉ መረመረ። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ ላይ ተገኘ፤ አንዷ ቢሯቸውን የምታጸዳው በቅርቡ የወለደችው አፀደ ናት። ውጤቱን ይዞ በቀጥታ መዝገብ ቤት ገባ።

«ያ ዕቃ የሳቸው ነበር።»

ተክለጻድቅ መደርደሪያው ላይ ፋይል ማስተካከሉን አልተወም። «የሳቸው ነበር» አለ።

«እርስዎን ያዳነ መድኃኒት እሳቸውንም ያድን ነበር። አፀደ ሕፃን ታጠባለች። አምስት ወር ሙሉ፣ ጋሽ ተክለጻድቅ። ለምን?»

«አልናገርም።»

«ልከስዎ አይደለም'ኮ። እንዲያው ለራሴ ልወቀው ብዬ ነው።»

«ሰማሁህ። አልናገርም።»