አንድ እፍኝ ባዘቶ

መሪጌታ ወልደ ኪዳን ከሞጣ የላኩት ደብዳቤ አጭር ነበር። አመተ ሥላሴ ደጋግማ ስላነበበችው በቃሏ ይዛዋለች።

«እኅቴ ሆይ፤ እናታችን ከአልጋ ከተነሣች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል፣ ድንጋጤ እንዳያገኛት ብሎናል። የወንድሜን ነገር አልነገርናትም። ‹የልጅ ልጄን ለፋሲካ አምጡልኝ› እያለች ነው። ብትቀሪ ትጠረጥራለች፤ ብትመጪ ደግሞ ልብስሽ ይናገራል። እንግዲህ በሕማማት ግቢ። በሕማማት መሳሳም ስለሌለ ማንም አንገትሽ ላይ አይጠመጠምም። ጥቁሩን ልብስ ጉንደ ወይን ላይ ለውጪው። በዓሉ ይዋልና ማክሰኞ ማለዳ ዘመድ ሰብስበን እናረዳታለን። እስከዚያ እንባሽን ያዢልኝ።»

«ወንድሜ» ያሉት ባሏን ኃይለ ሚካኤልን ነው። የመንገድ ቀያሽ ነበር። በየካቲት አጋማሽ ሑመራ ላይ ወባ ያዘው፤ በአምስተኛው ቀን ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ቢቸና የደረሰው ሻንጣው ብቻ ነው። አመተ ሥላሴ ሻንጣውን ከፈተች፤ ሸሚዞቹን አጥባ መልሳ አጠፈቻቸው፤ ጸጉሯን ተላጨች፤ ጥቁር ለበሰች። ዐርባው ሲወጣ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሳ ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ማስተማሯን ቀጠለች። ስታለቅስ ያያት ሰው የለም።

በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በሕማማት ረቡዕ ጠዋት፣ ልጇን ውበቴን አቅፋ ወደ ሞጣ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣች። ውበቴ ሰባት ወሯ ነው። እጇ የገባውን ሁሉ ትጨብጣለች፤ የጨበጠችውንም አትለቅም። በክርስትናዋ ቀን አባቷ ጣቱን ቢሰጣት እስኪመሽ ይዛው ዋለች፤ «ይቺስ የመለኪያ ገመድ ትይዝልኛለች፣ ሑመራ ይዣት ልሂድ» ብሎ ሰውን አስቆ ነበር። አያቷ ገና አላዩዋትም። አመተ ሥላሴ መንገዱን ሁሉ የምታስበው አንድ ነገር ነው፤ በፊቷ ወይም በአንደበቷ አንድ ነገር ቢያመልጣት፣ አሮጊቷ እዚያው ቢወድቁ፣ ይህ ጉዞ ለምን ተደረገ ይባላል?

ደብረ ወርቅ ላይ ፋንታ የሚባሉ የሞጣ አዛውንት ሙክት በግ እየጎተቱ ተሳፈሩ። ዳገቱ ሲጀምር መኪናው አቃሰተ።

«ኧረ ሹፌር!» አሉ አቶ ፋንታ። «ይቺ መኪናህ ሆድ ይብሳታል እንዴ? ዳገት ባየች ቁጥር ታለቅሳለች!»

«በጉ ከብዷት ነው አባባ! እሱን ያውርዱላትና ትሩጥ!»

«እሱማ የፋሲካ እንግዳ ነው። እኔ ብቀር ቤቴ የሚጠይቀኝ የለም፤ እሱ ቢቀር ሚስቴ ደጅ ታሳድረኛለች።»

በጆንያዎቹ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ግን ከአመተ ሥላሴ ጥቁር ልብስ ሲደርስ ቆመ፤ አንዳንዱም አፉን በነጠላው ሸፈነ። ለምዳዋለች። የልጇን ፊት ከነፋሱ ከለለች።

ከጎኗ የተቀመጡት ሴት ወይዘሮ ዘይዳ ይባላሉ፤ የሞጣ ጥጥ ነጋዴ ናቸው። ጆንያቸውን ተደግፈው ሕፃኗን ሲያጫውቱ ቆዩና፣

«የማን ነሽ የኔ እናት? ሞጣ ማን ዘንድ ነሽ?» አሉ።

«የወይዘሮ ጥሩአየሁ ምራት ነኝ።»

ወይዘሮ ዘይዳ እጃቸውን ከሕፃኗ ላይ አነሡ። «ሰምቻለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሞጣ ከእሷ በቀር ያልሰማ የለም። እኔ ራሴ ባለፈው ቅዳሜ ባዘቶ ሸጥሁላት። ‹ለልጄ ጋቢ ልፈትልለት ነው› አለችኝ። ‹ደግ አደረግሽ› ብዬ ሸኘኋት። ምን ልበል ታዲያ?»

ወይዘሮ ዘይዳም ከዚያ በኋላ አልጠየቋትም፤ መኪናው ሲያንገጫግጭ ብቻ ክንዳቸውን ከሕፃኗ ጀርባ ያደርጉ ነበር።

ጉንደ ወይን ላይ መኪናው ውኃ እስኪሞላለት ቆመ። ልብስ የምትለውጥበት ቦታ ብትጠይቃቸው ወይዘሮ ዘይዳ ዘመዳቸው ቤት አስገቧት። ጥቁሩን አውልቃ ይዛው የመጣችውን ነጭ ቀሚስ ለበሰች፤ ሻሽም አሰረች። ወይዘሮ ዘይዳ ዞረው አዩዋት።

«ልብሱስ ሆነ። ራስሽን ምን ልታደርጊው ነው?»

«ሻሽ አስሬበታለሁ እኮ።»

«ሻሹ ጭንቅላትሽ ላይ ተለጥፎ! ጸጉር እንደሌለው ማንም ያውቃል። አማትሽ ታመሙ እንጂ ታወሩ አልተባለም።»

ሄደው ከጆንያቸው የተዳመጠ ንጹሕ ባዘቶ ይዘው ተመለሱ። ባዘቶውን እንደ ሹሩባ እየጠቀለሉ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ደረደሩት፤ በላዩም ሻሹን አጥብቀው አሰሩት። ከዘመዳቸው ትንሽ መስተዋት ተቀብለው ሰጧት።

«ይኸው። ሕፃኗ እንዳትጎትተው ብቻ።»

መስተዋቱ ውስጥ ባል ያላት ሴት ነበረች። አመተ ሥላሴ መስተዋቱን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው።

ሞጣ ሲደርሱ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። ወይዘሮ ጥሩአየሁ በበትር ተደግፈው ከአጥሩ በር ላይ ቆመዋል፤ በጎናቸው መሪጌታ አሉ። ምራታቸውን ሲያዩ ሁለት እርምጃ ቀረብ ብለው ቆሙና እጅ ነሡ።

«አንቺን እንኳ አልስምሽም፤ ሕማማት ነው። ይቺ ግን ይሁዳን የት ታውቀዋለች?» ብለው ሕፃኗን ተቀበሉና ውስጥ እግሯን ሳሙት። ከዚያ ቀና አሉ። «ኃይሌስ? ለበዓል እንኳ አይመጣም?»

«ሥራው አልለቀቀውም እማማ።»

«ምን ዓይነት ሥራ ነው እናትና ልጅ የማያሳይ!»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በቅኔ ቤታቸው ስንቱን ተማሪ አንደበት ያስተማሩ ሰው፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ነፋስ ነው» ከማለት ሌላ ቃል አላገኙም።

ሐሙስም ዓርብም እንዲሁ አለፈ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሐሙስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቤት ተቀምጠው እንዝርታቸውን ያሾሩ ነበር፤ ከአፋቸው የልጃቸው ስም አይጠፋም። «ሑመራ በረሃ ነው፣ ጋቢ ምን ያደርግለታል ብለው ይሥቁብኛል። ሌሊቱ አይበርድም?»

«ይበርዳል እማማ።»

«አላልኋችሁም!» አሉ ለሌሎቹ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ቄጠማ ይዘው መጡ። ቤተሰቡ ሁሉ በራሱ ላይ አሰረ። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሚዶ ይዘው በረንዳው ላይ ቁርበት አነጠፉ።

«ነይ ተቀመጪ፤ ሻሹን ፍቺው። ምራቴ ጸጉሯን ሳትሠራ ለፋሲካ ብትቆም ሰው ምን ይለኛል?»

አመተ ሥላሴ ልጇን አዝላ ቆማ ነበር። «ራሴን ያመኛል እማማ። ሲነካ ይብስብኛል።»

«ከመኪናው ነዋ! ሲፈታ ይቀልልሻል።»

«ለነገ ይሁን።»

«ነገ በዓል! በበዓል ጸጉር የሚሠራ የት አይተሻል? አንቺ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?»

ሌላ የምትለው ስላጣች ልጇን ከጀርባዋ አወረደችና ለአያቷ ሰጠቻት። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሚዶውን አስቀምጠው ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አቆሟት። የሕፃኗ ቀኝ እጅ ተጨብጧል።

«አንቺ ሌባ፣ ምን ሰርቀሽ ነው? ለአያትሽ አትሰጫትም?»

ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈቱ። በትንሿ መዳፍ ውስጥ በላብ የረጠበ ነጭ ባዘቶ ነበር።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ባዘቶውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ አደረጉት። ቀጭን ሆኖ ተከተላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈትሉ የኖሩ ናቸው፤ አጠገባቸው ቅርጫት ውስጥ ያለው ባዘቶም ከወይዘሮ ዘይዳ የተገዛ ነው። ዓይናቸው ወደ አመተ ሥላሴ ሻሽ ሄደ። የአመተ ሥላሴ እጅ ወደ ማጅራቷ ተነሣና መንገድ ላይ ቆመ።

«ጥጥ የጫነ መኪና ነበር የመጣንበት» አለች።

«እሱ ነዋ» አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ። ቆይተው ደግሞ፣ ለራሳቸው እንደሚሉ ሁሉ፣ «እሱ ነዋ» አሉ።

ሚዶውን ቅርጫቱ ውስጥ መለሱት። እንዝርቱንም፣ ለጋቢው የፈተሉትንም ድውር ከተቱና ክዳኑን ገጠሙት። «ካመመሽስ ይቅር። ጎንበስ በይ» አሏት። ከራሷ የላላውን ቄጠማ ፈትተው በሻሹ ላይ እንደገና አሰሩላት። ሁለት መዳፋቸው ከጆሮዎቿ በላይ አረፈ። ባዘቶው ከሥር ሲጨቆን አመተ ሥላሴ ተሰማት። መዳፎቹ ከሚገባው በላይ ቆዩ፤ ከዚያ ተነሡ።

«ልጅቷን አጥቢያት፤ ርቧታል» አሉና ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። በትሩን ቁርበቱ ላይ ረስተውት ነበር።

አመተ ሥላሴ አማቷ አወቁ ወይስ አላወቁም እያለች ስታወጣ ስታወርድ ቆየች። ገብታ ለማየትም አልደፈረችም። ሲወጡ ፊታቸውን ታጥበው ነበር፤ የበጉን ነገር፣ የጠላውን ነገር ያዝዙ ጀመር።

ፋሲካ ሆነ። ሰው ተሳሳመ፣ ተመራረቀ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ የመጣውን ሁሉ ሲስሙ ዋሉ። ምራታቸው ዘንድ ሲደርሱ ግን አንገቷን አላቀፉም፤ የውበቴን እጅ ሳሙና ያንኑ እጅ በአመተ ሥላሴ ግንባር ላይ አስነኩት። በማዕድ ከአጠገባቸው አስቀመጧት። አንድ ጊዜ አጎረሷት፤ ደገሙ፤ ሠለሱ።

«በቃኝ እማማ።»

«ብዪ። ለሁለት ነው የምትበዪ።»

አቶ ፋንታም ከነሚስታቸው ለእንኳን አደረሰሽ ብቅ ብለው ነበር፤ የደብረ ወርቅ ሙክታቸው መንገድ ላይ የአንድ ቄስ ነጠላ እንደ በላ እያወሩ ቤቱን አሳቁት። ወይዘሮ ጥሩአየሁም ሳቁ። ማታ ላይ መሪጌታ አመተ ሥላሴን ወደ ጓዳው በር ጠሯት።

«አየሽ እኅቴ፣ በዓሉ ልቧን አደሰላት። ዛሬ ስለ እሱ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችም።»

«አዎ» አለች አመተ ሥላሴ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ነገሩ ገባት። ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ የልጃቸውን ስም ሳይጠሩ አንድ ሰዓት ያልዋሉ ሴት፣ ከዚያ የበረንዳ ከሰዓት ወዲህ አልጠሩትም።

ለመሪጌታ ልትነግራቸው ፈለገች። ወደ እልፍኙ ዞራ አየች። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ውበቴን በጉልበታቸው ላይ እያዘለሉ የበዓል ዘፈን ያዜሙላት ነበር። ድምፃቸው ትንሽ ጎርነን ከማለቱ በቀር የሚታወቅባቸው ነገር የለም። አመተ ሥላሴ ለመሪጌታ ሳትነግር ገብታ ከአማቷ ጎን ተቀመጠች። ሰኞንም ሁለቱ ሴቶች ሕፃኗን በመካከላቸው አድርገው ፀሐይ ሲያሞቋት፣ ሲያጥቧት፣ ቅቤ ሲቀቧት ዋሉ፤ ያወሩትም ስለ እሷ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ሳል፣ የእግር ኮቴ፣ ሹክሹክታ ተሰማ። ጎረቤት ሴቶችም መጡ፤ ወይዘሮ ዘይዳ ከኋላቸው ነበሩ። መሪጌታ በሩን ሊመቱ እጃቸውን ሲያነሡ በሩ ክፍት ነው። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ወገባቸውን በመቀነት አጥብቀው አስረው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማዬ…» አሉ መሪጌታ። «ወንድሜ… ኃይሌ…»

ከዚያ ወዲያ አልሄደላቸውም።

«ተናገር ልጄ» አሉ እናታቸው። «ቆመህ አትቸገር።»

ተናገሩ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ጮኹ። እንዳይወድቁ ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ደገፏቸው፤ ውኃ የያዘችው በደረታቸው ላይ ረጨች። ሁሉም ልባቸውን ፈርቶ ነበር። እሳቸው ግን አልወደቁም፤ ደረታቸውን እየደቁ ልጃቸውን በስሙ፣ በክርስትና ስሙ፣ በሕፃንነቱ በሚጠሩት ስም ጠሩት። ጩኸቱ የሦስት ቀን ዕድሜ እንዳለው የምታውቅ በዚያ ቤት አመተ ሥላሴ ብቻ ነበረች። እሷ ልጇን ለወይዘሮ ዘይዳ ሰጥታ በግድግዳው ጥግ ቆማለች፤ እንደ ልማዷ ጥርሷን ነክሳለች።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሴቶቹን በክንዳቸው ገፋ አድርገው ወደ እሷ መጡ። የሻሿን ቋጠሮ ፈቱት። ባዘቶው በትከሻዋ ላይ እየተንከባለለ መሬት ወደቀ። የተላጨው ራሷ ገና ጥቂት ብቻ አብቅሏል። መዳፋቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ፤ ሌላው እንዳይሰማ አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠጉ።

«የልጅቷ የመጀመሪያ ፋሲካ ነው፣ ይዋልላት ብዬ ሦስት ቀን ያዝሁት። ሊያፈነዳኝ ነበር። አንቺ እንዴት ብለሽ ነው ይህን ያህል ጊዜ የያዝሽው? በቃሽ ልጄ። በይ፣ አልቅሺ።»

አመተ ሥላሴ አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣም። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ራሷን ሳይለቁ ጠበቋት። ከዚያ ወጣ፤ በግቢው የነበሩት ወንዶች ቆባቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

ውበቴ በወይዘሮ ዘይዳ ጭን ላይ ሆና ወደ ወደቀው ባዘቶ ትንጠራራ ነበር። ወይዘሮ ዘይዳ ጎንበስ ብለው አስያዟት፤ ጨበጠችው።